በአንድ ጉድጓድ ስንት ጊዜ ይተከላል?

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤታችን ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም በስብሰባ ብዛት የሚጎዳው ጉሮሮዎ በዚህ ወበቅ እንዳያስቸግርዎ ከልቤ እጸልያለሁ። የእኔን ደህንነት ለማወቅ ቢሹ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከተዉኝም ቦታ ንቅንቅ አላልኩም።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በቃል ለማስረዳት ያላደረግሁት ጥረት የለም። ሆኖም ጸሐፊዎ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከስብሰባ ወጥተው ለሚቀጥለው ስብሰባ እየተዘጋጁ ነው ስለሚሉኝ፣ ከደጃፍዎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች በቃሌ እስክይዛቸው ድረስ አጥንቻቸዋለሁ። በሁሉም ፎቶግራፎች ላይ ክቡርነትዎ ችግኝ ይዘው ፈገግ ብለዋል። በሁሉም ላይ ከኋላዎ ያው ኮረብታ፣ ያው የተጣመመ የመብራት ምሰሶ ይታያል። ከዓመት ዓመት የሚለወጠው ኮፍያዎ ብቻ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ተማሪዎቹ «አገር በቀል» እያሉ የሚጠሩኝ እኔ ነኝ። ይህ ስም የወጣልኝ አብረውኝ የገቡት ተመርቀው፣ ከእኔ በኋላ የገቡትም ተመርቀው፣ እኔ ብቻ እንደ ጥንት ዛፍ ግቢው ውስጥ ስለቀረሁ ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የገጠር ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ለሁለተኛ ዲግሪ የላከኝ መሥሪያ ቤቴ ነው፤ ልቤን ያስነሳው ግን የአባቴ ነገር ነው።

የአባቴን ነገር አስቀድሜ ካልነገርኩዎ ቀጥሎ የማቀርበው ሁሉ የተማሪ እሮሮ ይመስልዎታል። ከአባቴ ማሳ ግርጌ ቦረቦር አለ። ጎርፍ መሬቱን እየሰረሰረ የሚከፍተው ገደል ማለቴ ነው፤ ክቡርነትዎ በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ የጻፉ ስለሆኑ ማብራራቴን ይቅር ይበሉኝ፣ ጋዜጣውን ለሚያነበው ሌላ ሰው ብዬ ነው። ልጅ ሳለሁ ዘልዬ የምሻገረው ቦይ ነበር። አሁን ጠርዙ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩት ራስ ያዞራል። በየክረምቱ አፉን ወደ ላይ እያስጠጋ መጀመሪያ የሽንኩርት መደቡን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ አምና ደግሞ የከብቶቹን በረት በላ። ከበረቱ ቀጥሎ ያለው ቤቱ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ በዚያ ቤት ብቻውን ይኖራል፤ እህቴ እኔ ዘንድ ና ስትለው አሻፈረኝ ይላል፣ ልጄ ተምራ መጥታ ቦረቦሩን ታቆመዋለች ይላል። ልጄ የሚለው እኔን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ። ክፍል ውስጥ እንዳስተማሩን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥናቴ ርዕስ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። እኔ በአላዋቂነቴ ስለ ቦረቦር አጥንቼ ልመረቅ ብዬ መጥቼ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ቦረቦሩ ሩቅ ነው፣ ትንከራተቻለሽ ብለው እንደ አባት መከሩኝና በራስዎ ሰብሳቢነት በየዓመቱ በሚከበረው በትምህርት ቤታችን የተከላ ቀን የተተከሉ ችግኞች ምን ያህል እንደጸደቁ እንዳጠና ሰጡኝ። ኮረብታው ከግቢው ጀርባ ስለሆነ በእግሬ ደርሼ ቆጥሬ እንደምመለስ፣ ቶሎ እንደምጨርስም አረጋገጡልኝ። የትምህርት ቤቱ ደንብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ችግኝ ጸደቀ ለመባል ሁለት ክረምት ተከታትሎ ሲያልፈው መታየት አለበት። እኔም ሜትሬን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ።

ያኔ ያልገባኝ፣ የተከላ ቀኑ በየዓመቱ በዚያው ኮረብታ ላይ፣ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ የሚከበር መሆኑ ነው። ሌላ ኮረብታ ጠፍቶ አይደለም። ለአስፋልቱ የሚቀርበው፣ የእንግዶች መኪና ያለ ጭቃ የሚደርሰው፣ ድንኳንም የሚተከልበት ሜዳ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጉድጓዱም ተቆፍሮ ያለቀ በመሆኑ እንደገና መድከም አያሻም። ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሲል ኮሚቴው ሠራተኞች ይልክና የአምናዎቹን ችግኞች፣ የሞተውንም ነፍስ ያለውንም፣ እየነቀሉ ለአዲሶቹ እንግዶች ቦታ ያጸዳሉ። የእኔ ችግኝ ሁለተኛ ክረምት አይቶ አያውቅም። ክረምቱ በመጣ ቁጥር ቆጠራዬን ከ«አንድ» እጀምራለሁ። ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፣ አሁንም አንደኛ ክረምት ላይ ነኝ። ሰው በየዓመቱ ወጣት እንዲሆን የሚያደርግ ትምህርት ቤት ስለመሩልን ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሁለተኛ፤ ስለ ላስቲኩ አመሰግናለሁ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ችግኝ የሚያድገው በጥቁር ላስቲክ እንደሆነ፣ ሲተከል ላስቲኩ ተቀዶ መውለቅ እንዳለበትም ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በተከላ ቀናችን ግን የእንግዶች እጅ አፈር እንዳይነካና ፕሮግራሙም እንዳይጓተት ታስቦ፣ ችግኙ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥና ላዩን አፈር ይለብሳል። ከላይ ሲታይ ያምራል። ለፎቶም ይመቻል። እኔ ደግሞ ለምን እንደሚደርቁ መመርመር ሥራዬ ነውና በጋ ላይ የደረቁትን እየቆፈርኩ አየኋቸው። ሥሩ መውጫ ፍለጋ የላስቲኩን ታች ዞሮ ዞሮ እርስ በርሱ ተተብትቦ አገኘሁት። ሠራተኞቹ ሲነቅሉ ላስቲኩን ትተውት ስለሚሄዱም በአንዳንዱ ጉድጓድ ከአምናው ላስቲክ ሥር የካቻምናው፣ ከእሱም ሥር እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረው ተደራርቦ ይገኛል። ራሴን ከዚያ ሥር ጋር ላመሳስል ቃጥቶኝ ነበር፤ ሆኖም ያለ ማነጻጸሪያ መደብ ማወዳደር ነውር መሆኑን ስላስተማሩን ትቼዋለሁ።

ይህንን ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። አማካሪዬ መልካም ሰው ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ዐይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ያን ቀን መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና ተነሥተው በሩን ዘጉ፣ ከዚያም ይህን ወሬ ለሌላ ሰው አውርቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት ችግኞቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጸድቀዋል ስለሚል፣ ሪፖርቱንም የፈረሙት ክቡርነትዎ ስለሆኑ፣ ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉም ሞተዋል ሊል እንደማይችል በትዕግሥት አስረዱኝ። በዚያን ሰሞን የአማካሪዬ የማዕረግ ዕድገት ጉዳይ ክቡርነትዎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ እሳቸውም እንደ እኔው የሚወጡበት ቀዳዳ እየፈለጉ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ በሮቹ አመሰግናለሁ። ግቢያችን በር በሩ ብዙ ነው። ርዕስ ልቀይር ብዬ ነበር፤ ርዕስ የሚቀይረው ኮሚቴ ሰብሳቢው እስኪሾም አይሰበሰብም፣ ሰብሳቢውን ክቡርነትዎ የሚሾሙት ደግሞ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲያቀርብልዎ ነው። ይቅርብኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ ነበር፤ መሥሪያ ቤቴ ያለ ዲግሪ የተመለሰ ሰው መደቡን ይለቃል አለኝ። ለአንድ ክረምት ብቻ አባቴን ረድቼ ልምጣ ብዬም ለምኜ ነበር፤ ከምርምር ቦታዋ የተለየች ተማሪ ትሰረዛለች ተባልኩ። በየትኛውም በር ላይ የቆመው ሰው ትሑትና ተግባቢ ነው፤ ሁሉም አዝነውልኝ ነው የመለሱኝ።

አራተኛ፤ አራተኛውን ስለ መኝታ ክፍላችን ጣሪያ ጽፌ ነበር። ከሌሎቹ አጠገብ ሳየው ተራ ነገር ሆነብኝና ሰርዤዋለሁ። ያፈሳል፤ በዚሁ ይታለፍ።

አምስተኛ፤ ይህኛው ምስጋና በከፊል ለመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ነው፣ ክቡርነትዎም ወዳጁ ስለሆኑ ያደርሱልኛል። በረቱ በፈረሰ ሰሞን አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ጽሕፈት ቤት ሄደ። የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው። ጎርፉን የሚያበርድ የድንጋይ ክትር በቦረቦሩ ውስጥ በራሳቸው ጉልበት ሊሠሩ ተስማምተዋል፤ ድንጋዩ ግን ከወል መሬት የሚነሣ ስለሆነ ያለ ባለሙያ ፊርማ አይነካም፣ ክትሩም ያለ ቦታው ከተሠራ ጎርፉን ወደ ቤቱ ያዞረዋልና ባለሙያ መጥቶ ልኩን እንዲያሳያቸው ለመኑ። ኃላፊው በአክብሮት ተቀብሎ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ባለሙያዋ ትምህርት ላይ ስለሆነች ስትመለስ ይታያል አላቸው። አባቴ ባለሙያዋ ማን እንደሆነች ጠየቀ። የአንተው ልጅ ናት አለው።

አባቴ ይህንን በስልክ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ግን የልብስ ማጠቢያው ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ክፍሌ ውስጥ ሰው ነበርና። የአባቴን ቤት እንዳላድን የከለከለኝ እኔው ራሴ እዚያ አለመኖሬ ነው፤ ለመኖር ደግሞ መመረቅ አለብኝ፤ ለመመረቅ በየዓመቱ የሚነቀል ችግኝ ሁለት ክረምት ማሳለፍ አለብኝ። እዚህ ላይ አንባቢ ጭንቅ ጥብብ ካለው፣ እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ።

ስድስተኛ፤ ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ጠርተው አነጋገሩኝ። የቢሮዎ ምንጣፍ እንዴት እንደሚመች፣ ሻዩም እንዴት እንደጣፈጠኝ በቃላት አልችለውም። ጉዳዬን ሰምተው እንዳዘኑልኝ ነገሩኝ። መፍትሔውም ቀላል መሆኑን አስረዱኝ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ችግኞቹ ጸድቀዋል ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ በዚያው ሳምንት እንደሚፈርሙ፣ ክረምቱ ሳይገባ ተመርቄ አባቴ ዘንድ እንደምደርስ አበሠሩኝ። እኔ ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት እንደሚከብደኝ ስነግርዎ፣ ብርጭቆዎን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦

«ስሚኝ ልጄ፣ ችግኝ አፍ የለውም።»

በትምህርት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ አጭርና ጥርት ያለ ትምህርት አልሰማሁም። ደግሞም ሠራ። ክፍሌ ሄጄ ጻፍኩት። ክቡርነትዎ ፊት የሌለኝን ንጽሕና አልላበስም፤ አባቴን እያሰብኩ፣ ዐይኔን ሳላሽ፣ አሳምሬ ጻፍኩት። ችግኞቹ ጸደቁ፣ ቅጠል አወጡ፣ ጥላም ሊሰጡ ምንም አልቀራቸውም። ከጻፍኳቸው ምዕራፎች ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ለአማካሪዬ ላስረክብ ወረቀቱን ይዤ በኮሪደሩ ስሄድ ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ነበር።

ድምፁ ደስ ብሎታል። ጥናቴ እነሱ ዘንድ እንደደረሰ ነገረኝ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ሳጣራ፣ ክቡርነትዎ በአንድ ስብሰባ ላይ የመሥሪያ ቤቴን ኃላፊ አግኝተው የትምህርት ቤታችን የተከላ ዘዴ ውጤታማነት በእኔ ጥናት መረጋገጡን እንዳጫወቱት ተረዳሁ። ገና ያልተፈረመ፣ ያን ጊዜም ያልተጻፈ ጥናት ነው። ኃላፊውም ሳይውል ሳያድር የድንጋዩን ክትር ጉዳይ ዘግቶ፣ በአባቴ ቦረቦር አፋፍ ላይ የተከላ ቀን እንዲከበር ወሰነ። እዚያም መኪና ይደርሳል። ጉድጓዱን የአካባቢው ሰው ይቆፍር ተባለ፣ አባቴም የልጁ ጥናት ነውና ከሁሉ ቀድሞ ዶማውን አነሣ።

«ከበረቱ ፍራሽ እስከ ቤቱ ደጃፍ በመደዳ ቆፍረን ጨረስን» አለኝ። «አንቺ ያልሽው ነው ብለውኛል። ኮራሁብሽ።»

ለሚያነበው ሰው ልናገር። በቦረቦር አፋፍ ላይ በመደዳ የተቆፈረ ጉድጓድ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃ ያቁራል፤ ያቆረው ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ አፋፉን ያላላዋል፤ የላላው አፋፍ በመስመሩ ተቀዶ ይወርዳል። በሌላ ጊዜ ቦረቦሩ ሁለትና ሦስት ክረምት የሚፈጅበትን መንገድ አባቴ በገዛ እጁ፣ በስሜ፣ እስከ ደጃፉ ድረስ አመቻችቶለታል።  ጉድጓዶቹን አሁኑኑ ድፈናቸው አልኩት።  እንግዶች ተጠርተዋል አለኝ፣ አንቺ የተማርሽውን አንቺው እንዴት ታፈርሺዋለሽ አለኝ፣ ሰው ሲያመሰግንሽ መሽኮርመም ከልጅነትሽ ያለ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ደግሜ ደግሜ ብለምነው ከትሕትናዬ ቆጠረው። ጉድጓዶቹ እስካሁን ክፍት ናቸው።

ክቡር ሆይ፣ ችግኝ አፍ እንደሌለው ያስተማሩኝን አልክድም። ቦረቦር ግን አፍ አለው፣ የሚናገርበት ሳይሆን የሚውጥበት። ያንን ያማረ ምዕራፍ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቀድጄዋለሁ። ቢፈረምልኝ ነፃ እወጣ ነበር፤ ነፃ ወጥቼ የምሄድበት ቤት ግን በእሱ ምክንያት አይቆይም ነበር።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለምን እንዳወጣሁ ልናዘዝ። ክቡርነትዎን ለማስከፋት አይደለም፤ ያንን እንደ ትርፍ እወስደዋለሁ። አባቴ የታተመ ነገር ያምናል። ለእኔ በስልክ እምቢ ያለውን ለጋዜጣ እሺ ሊል ይችላል። መንገድ ላይ ዝናብ ቢቀድመኝ እንኳ ጋዜጣው በማለዳ ይደርሳል፣ ጎረቤታችን መምህሩም ጮክ ብሎ ያነብለታል። ስለዚህ ክቡርነትዎ አንድ አፍታ ይታገሡኝና ለእሱ ልናገር።

አባዬ፣ ጉድጓዶቹን ድፈናቸው። እኔ አላልኩም። ያጠናኋቸው ችግኞች ከአንዱ በቀር በሙሉ ሞተዋል። ጥናቴ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። እየመጣሁ ነው፤ እስክደርስ ግን እህቴ ዘንድ እደር።

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤው በሚወጣበት ቀን እኔ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ከምርምር ቦታዬ በመለየቴ በደንቡ መሠረት እሰረዛለሁ፤ ያለ ዲግሪ በመመለሴም በሌላው ደንብ መሠረት መደቤን እለቃለሁ። ባለሙያ ስላልሆንኩ ለድንጋዩ መፈረም አልችልም። የአባቴን ቤት የሚያቆመውን ክትር እንዴትና የት እንደሚሠራ እያወቅሁ፣ ጎረቤቶቼ ጉልበታቸውን ይዘው እየጠበቁ፣ አንዲት ድንጋይ ማንሣት ሕገ ወጥ ይሆንብኛል። የሚፈቀድልኝ አፈር መመለስ ብቻ ነው። አካፋ የማንንም ፊርማ አይጠይቅም፣ እሱንም ቢሆን እስካሁን ስላላሰቡበት ነው መሰለኝ።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ በምላሹ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለኃላፊው ይደውሉለትና ጥናቱ የእኔ እንዳልሆነ ይንገሩት። ስብሰባ ላይ ቢሆን እንኳ ለእርስዎ ያነሣል።

ከዕድሜዬ ላይ ክረምት ሳይቆጥሩ ወስደው፣ በወጣትነቴ እንዳለሁ ላኖሩኝ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ከተማርኩትም ካልተማርኩትም ጋር አጣምሬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

የትምህርት ቤትዎ የቀድሞ ተማሪ፣ የጽሕፈት ቤቱ የቀድሞ ባለሙያ፣
አሁንም የአባቷ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ አምና ክቡርነትዎ በገዛ እጅዎ ከምሰሶው አጠገብ የተከሉትን ችግኝ ያስታውሱት እንደሆነ፣ ፎቶ አንሺው ፀሐይ ገብታብኛለች፣ ይድገሙልኝ ብሎዎት ነበር። ሲደግሙ ላስቲኩ እጅዎ ላይ ተቀደደና ወለቀ፤ ልብ አላሉትም። ከኮረብታው ሁሉ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው፣ አሁን ወገቤ ደርሷል። ኮሚቴው ግን የፎቶ ቦታዎ እሱ ያለበት ጉድጓድ ስለሆነ ለዘንድሮው እንዲነቀል በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎበታል። ሲነቅሉት ቀስ ይበሉ፤ ሥር ሰዷል።